ክለባችሁን ከእርሳስ ወደ ስቲል ጥይት ማሻገር፦ ከጠመንጃ ፍተሻ እስከ ሜዳው አፈር

እዚህ እንግሊዝ ክሌይ (የሚወረወር ክብ ኢላማ) የምትተኩሱ፣ በተለይ ደግሞ የክለብ ኮሚቴ ውስጥ ያላችሁ ሰዎች፣ የእርሳስ ጥይት ነገር ከወሬ አልፏል። መንግስት በጁላይ 2025 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ለእንግሊዝ፣ ለስኮትላንድና ለዌልስ ውሳኔውን አሳውቋል፣ ከ1 ፐርሰንት በላይ እርሳስ ያለበት የሾትገን ፍሬ (ጥይቱ ውስጥ ያሉት ትንንሽ ድብልብሎች) ሊከለከል ነው፣ የ3 ዓመት መሸጋገሪያ አለ፣ ማለቂያው 2029 ነው። ለዓለም አቀፍ ውድድር ለሚዘጋጁ አትሌቶች የተለየ መንገድ ይተዋል፣ እሁድ እሁድ ለምንተኩስ ለኛ ግን የለም። አውሮፓ ህብረት አገሮች ውስጥ ያላችሁ ደግሞ ከፌብሩዋሪ 15፣ 2023 ጀምሮ ረግረጋማ መሬት ላይና ከሱ 100 ሜትር ባልራቀ ቦታ የእርሳስ ፍሬ መተኮስ ክልክል ነው። ዴንማርክ ይሄን ጉዳይ ለአደንም ለክሌይም በ1996 ጨርሳዋለች፣ ይኸው እስካሁን እየተኮሱ ነው።

ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው "በስቲል (በብረት ፍሬ) ይመታል ወይ?" ብሎ ነው። ይመታል። ክለብን የሚያስቸግረው ሌላ ነው፣ መሬቱ፣ ጠመንጃዎቹ እና ዋዱ (ጥይቱ ውስጥ ያለ ነገር ነው፣ ቁጥር 3 ላይ እመጣበታለሁ)። እነዚህን ሶስቱን በቅደም ተከተል ካልያዛችኋቸው "ከመጪው ወር ጀምሮ ስቲል ብቻ" ብላችሁ በር ላይ ብትለጥፉ ግማሹ አባል ይቀራል፣ ወይም ደግሞ ከዛ የባሰ ሰው አይኑን ይጎዳል። ስለዚ ቀስ ብላችሁ አንብቡት።

ለምን እንደምንቀይር የማይገባው አባል ካላችሁ ይሄን ሂሳብ አስሉለት። አንድ ሰው 25 ክሌይ በ28 ግራም ጥይት ሲተኩስ 700 ግራም እርሳስ ሜዳው ላይ ጥሎ ይሄዳል፣ 100 ከተኮሰ 2.8 ኪሎ፣ አንድ ቅዳሜ 40 ሰው መጥቶ እያንዳንዱ 100 ቢተኩስ 112 ኪሎ ነው፣ በአንድ ቀን። አሜሪካ ኮነቲከት፣ ስትራትፎርድ ውስጥ የጠመንጃና ጥይት አምራቹ የሬሚንግተን የነበረው ክለብ 70 ዓመት ገደማ ወደ ባህሩ ሲተኮስበት ቆይቶ 2,400 ቶን የሚጠጋ እርሳስ እንደተጠራቀመበት የ1993ቱ የይግባኝ ፍርድ ቤት ውሳኔ ላይ ተጽፏል። ወፎች ደግሞ እህላቸውን የሚፈጩበትን ጠጠር ሲለቅሙ ያንን ትንሽ ፍሬ አብረው ይውጡታል፣ ሆዳቸው ውስጥ ተፈጭቶ ደማቸው ውስጥ ይገባል። ከብትም ከሜዳው ላይ በታጨደ ሳር ይመረዛል። እኔ ተኩስ እወዳለሁ፣ ልጆቻችንም እንዲተኩሱ እፈልጋለሁ፣ ግን መሬቱን እንደዚህ እያደረግን መቀጠል አይቻልም።

1. መጀመሪያ ሜዳውን በእግር ዙሩት

ጠመንጃ ጉዳይ ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት ከኮሚቴው ሁለት ሶስት ሰው ሆናችሁ እያንዳንዱ መተኮሻ ላይ ቁሙና ወደ ፊት እዩ። የምትፈልጉት ጠንካራ ነገር ነው፦ የድንጋይ አጥር፣ ኮንክሪት፣ ኮንቴይነር፣ የክሌይ መወርወሪያው የቆመበት የብረት ማማ፣ የመብራት ምሰሶ፣ ወፍራም ግንድ። እርሳስ ለስላሳ ስለሆነ ጠንካራ ነገር ሲመታ ይጨፈለቅና ጉልበቱን እዛው ይጨርሳል፣ ስቲል ግን ቅርጹን ይዞ ይነጥራል፣ በጎን በኩል በትንሽ አንግል ከመታ ደግሞ ይብሳል። በእርሳስ ዘመን ማንም ልብ ያላለው የብረት ማማ አሁን ወደ ተኳሹ ጥይት የሚመልስ ነገር ሊሆን ይችላል።

በተለይ ራቢት የምትሏትን፣ መሬት ላይ እየተንከባለለች የምትሄደውን ክሌይ፣ ደጋግማችሁ እዩዋት። ሰው ወደ ታች ነው የሚተኩሰው፣ ርቀቱም ቅርብ ነው፣ መሬቱ ድንጋያማ ከሆነ ወይም ክረምት ላይ በረዶ ሰርቶ ከጠጠረ ስቲሉ መንጠሩ አይቀርም። መፍትሄው ቦታዋን መቀየር ወይም ከኋላዋ ለስላሳ አፈር መከመር ነው። ማማዎቹንና መወርወሪያዎቹን በወፍራም ጎማ ወይም በእንጨት ሸፍኑ፣ ክሌይ የሚጭነው ልጅ ውስጥ የሚቀመጥበትን ቤት ደግሞ ከሁሉም በፊት።

ጫካ ያለበት መሬት ተከራይታችሁ ከሆነ ባለቤቱን አናግሩት። ስቲል ግንድ ውስጥ ገብቶ ይቀራል፣ ያ እንጨት አንድ ቀን መሰንጠቂያ ቤት ሲሄድ መጋዙን ይሰብራል፣ እና ለእንጨት ብሎ ዛፍ የሚያሳድግ ሰው በዚህ አይቀልድም። የተኩስ አቅጣጫውን ከዛፎቹ ማዞር ከተቻለ አዙሩት። የኢንሹራንስ ድርጅታችሁንም በጽሁፍ አሳውቁ፣ በስልክ የተባለ ነገር ኋላ ላይ የለም።

የጥይት መውደቂያውን ክልል ደግሞ "ስቲል ቀላል ነው፣ ቅርብ ይወድቃል" ብላችሁ እንዳታሳንሱት። እንዳለ ተዉት።

2. የጠመንጃ ፍተሻ ቀን አዘጋጁ

ይሄ ዋናው ነው። አንድ ቅዳሜ ተኩስ ሳይኖር አባላት ጠመንጃቸውን ይዘው ይምጡ፣ አንድ ጋንስሚዝ (ጠመንጃ ሰሪ) ከፍላችሁ ጥሩ፣ ሻይም አፍሉ፣ ምክንያቱም ሰው የአባቱን ጠመንጃ ይዞ መጥቶ "በዚህ ስቲል አይተኮስም" ሲባል መስማት ቀላል አይደለም።

ራሳችሁ ማየት የምትችሉት ይሄ ነው። ጠመንጃውን ክፈቱ፣ ባዶ መሆኑን በአይናችሁም በጣታችሁም አረጋግጡ፣ ፎርኤንዱን (ከአፈሙዙ ስር ያለውን የእጅ መያዣ) አውልቁና አፈሙዙን ለዩት። ከዛ አፈሙዙን ገልብጣችሁ ቻምበሩ (ጥይቱ የሚገባበት ክፍል) ስር ያለውን ጠፍጣፋ ቦታ የስልካችሁን መብራት ከጎን እያበራችሁ እዩት፣ ከፊት ለፊት ካበራችሁ ያብለጨልጭና ምንም አይታይም፣ ከጎን ሲሆን ግን ትንንሽ ማህተሞች ጥላ ሰርተው ብቅ ይላሉ። ኤን ፒ (NP) ወይም ቢ ኤን ፒ (BNP) የሚሉት ፊደሎች የለንደን ወይም የበርሚንግሃም ፕሩፍ ሀውስ (የጠመንጃ መፈተኛ ተቋም) ጠመንጃውን ለዘመናዊ ባሩድ ፈትኖ አሳልፎታል ማለት ነው። አጠገቡ የቻምበሩ ርዝመት በሚሊሜትር አለ፣ 65፣ 70፣ 76። የጣልያን፣ የስፔን፣ የቤልጂየም ጠመንጃዎች የየራሳቸው ምልክት አላቸው፣ ጋንስሚዙ ያውቃቸዋል።

የአበባ ቅርጽ ያለው ፍለር ደ ሊስ የሚባል ምልክት ካያችሁ ደግሞ ለሃይ ፐርፎርማንስ ስቲል ተፈትኗል ማለት ነው። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሳሳታል፣ ያ አበባ ከሌለ ስቲል ጭራሽ አይቻልም ይላል። እንደዛ አይደለም። ስቲል ጥይት ሁለት ዓይነት ነው፣ ስታንዳርድ እና ሃይ ፐርፎርማንስ። ስታንዳርዱ በ12 ቦር (ቦር የአፈሙዙ ስፋት መለኪያ ነው) ፍሬው እስከ 3.25 ሚሊሜትር ነው፣ ለክሌይ የምንፈልገው ደግሞ 2.5 አካባቢ ስለሆነ ስታንዳርድ ይበቃናል፣ ስታንዳርድን ደግሞ ናይትሮ ፕሩፍ (ያ የኤን ፒ ምልክት) ያለው ደህና ጠመንጃ ይተኩሰዋል። አበባው የሚያስፈልገው ከባድ ጥይት ይዘው ዝይና ዳክዬ ለሚያድኑት ነው።

ጠመንጃዎቹን ሶስት ቦታ ክፈሏቸው። አንደኛው፣ ዘመናዊ ኦቨር ኤንድ አንደር (ሁለቱ አፈሙዞች የተደራረቡበት) ወይም ሰሚ አውቶ (ራሱ የሚያጎርስ)፣ 70 ወይም 76 ቻምበር፣ ቾኩ (የአፈሙዙ ጫፍ ጥበት) የሚቀያየር፣ እነዚህ ይለፉ። ሁለተኛው፣ ፕሩፉ ደህና ሆኖ ቾኩ የማይቀየርና ጠባብ የሆነ፣ ሶስት ሩብ ወይም ፉል (ከሁሉም የጠበበው)፣ በተለይ የድሮ ትራፕ (ክሌዩ ከተኳሹ እየራቀ የሚሄድበት ውድድር) ጠመንጃ፣ ይሄን ጋንስሚዙ ይለካውና ይክፈተው፣ አፈሙዙን ከፈት ማድረግ ብርቅ ስራ አይደለም፣ ወይም ደግሞ አምራቹን ጠይቁ። ሶስተኛው፣ የደማስቆ አፈሙዝ ያለው፣ ግድግዳው የሳሳ፣ ፕሩፉ ያለቀበት ወይም የማይነበብ የድሮ ሳይድ ባይ ሳይድ (አፈሙዞቹ ጎን ለጎን የሆኑ)፣ እነዚህ ስቲል አይንኩ። ቢዝመዝ የሚባል ለስላሳ አማራጭ ጥይት አለ ግን ውድ ነው፣ 100 ክሌይ አይተኮስበትም፣ ስለዚ ለነዚህ ሰዎች ክለቡ አንድ ሁለት የሚከራይ ጠመንጃ ቢያዘጋጅ መልካም ነው፣ ሽማግሌ አባሎቻችሁን የምታቆዩት እንደዛ ነው።

የ65 ቻምበር ካለ 70 ሚሊ ጥይት አይገባበትም። ቢገባም አይተኮስም፣ ጫፉ ሲከፈት ቦታ አጥቶ ግፊቱን ይጨምረዋል። ካርቶኑ ላይ ያለው ርዝመት የሚለካው ከተተኮሰ በኋላ ተከፍቶ እንደሆነ ለአባላት ንገሩ፣ ሰው ያልተተኮሰውን በማስመሪያ ለክቶ "ልክ ነው" ይላል።

ትንንሾቹ ቦሮች ላይ ደግሞ አስቡ። 20 ቦር ስቲል አለ፣ 28 እና 410 ግን ምርጫው በጣም ጠባብ ነው፣ በነሱ የሚጀምሩት ደግሞ ህጻናት ናቸው። ቀለል ያለ 20 ቦር በ21 ግራም ስቲል ለልጅ ከበቂ በላይ ነው።

3. ጥይት መምረጥ

እርሳስ በኪዩቢክ ሴንቲሜትር 11.3 ግራም ገደማ ነው፣ ስቲል 7.8። ቀላል ስለሆነ አየር ቶሎ ያቀዘቅዘዋል፣ ስለዚ ፍሬውን ትንሽ ተለቅ ታደርጋላችሁ። አዳኞች በፍሬ መጠን ሁለት ቁጥር ከፍ በሉ ይላሉ (ቁጥሩ ሲያንስ ፍሬው ይተልቃል)፣ ለክሌይ ርቀት ግን አንድ ቁጥር ብዙ ጊዜ ይበቃል። ቁጥሩን ሳይሆን ሚሊሜትሩን አንብቡ፣ ምክንያቱም የእንግሊዝ 6 ቁጥር 2.6 ሚሊሜትር ሲሆን የአሜሪካው 6 ቁጥር 2.8 ነው፣ ካርቶን ላይ ያለ ቁጥር ብቻ አይታመንም።

እኔ የምመክረው፦ ለስኪት (ክሌዮቹ በቅርብ ከግራና ከቀኝ የሚሻገሩበት) 2.3፣ ለአብዛኛው ስፖርቲንግ (ክሌዮቹ በተለያየ አቅጣጫና ርቀት የሚመጡበት) 2.5፣ ለትራፕ 2.6። ከ2.6 በላይ በክለብ ህግ አትፍቀዱ፣ የዓለም አቀፉ የተኩስ ስፖርት ፌዴሬሽን የአይ ኤስ ኤስ ኤፍ ህግም ጣሪያው እዛው ነው፣ ፍሬ በተለቀ ቁጥር ሩቅ ይሄዳልና።

ግራሙ ላይ ሰው ሁሌ ይከራከራል፣ 28 ካልሆነ አልተኩስም የሚል አለ። እስቲ አስሉት፣ 28 ግራም የ2.4 ሚሊ እርሳስ ወደ 350 ፍሬ ነው፣ 24 ግራም የ2.5 ሚሊ ስቲል ወደ 375 ፍሬ ነው። በ4 ግራም አንሶ ፍሬው ይበልጣል፣ ትከሻም ያሳርፋል። ሰሚ አውቶ ያላችሁ ብቻ ተጠንቀቁ፣ አንዳንዱ በቀላል ጥይት አያጎርስም፣ አንድ ካርቶን ገዝታችሁ ሞክሩ እንጂ ሺህ ጥይት አትግዙ።

አሁን ዋድ። ዋድ ማለት ባሩዱንና ፍሬውን የሚለየው ነገር ነው። በእርሳስ ጊዜ ፋይበር ዋድ ይበቃል፣ መሬት ላይ ወድቆ ይበሰብሳል፣ ለዛ ነው ብዙ የእርሻ ባለቤት "ፋይበር ብቻ" ብሎ ውል ውስጥ የሚያስገባው። ስቲል ግን ጠንካራ ስለሆነ አፈሙዙን እንዳይቧጭረው ፍሬውን ዙሪያውን የሚይዝ ወፍራም ኩባያ ያስፈልገዋል፣ እና ያ ኩባያ ለረጅም ጊዜ ፕላስቲክ ነበር። እርሳስን ከመሬቱ አውጥተን በሺህ የሚቆጠር ፕላስቲክ ብንበትንበት ምን ሰራን? ከብት ያለበት መሬት ላይ ደግሞ ባለቤቱ አይስማማም፣ እውነቱን ነው።

አሁን ውሃ የሚያሟሟው ወይም አፈር ውስጥ የሚበሰብስ ኩባያ ያላቸው ስቲል ጥይቶች ወጥተዋል፣ ጥይት አምራቾቹ ኢሊ እና ጌምቦር ሁለቱም አላቸው። ከፕላስቲኩ ትንሽ ይወደዳሉ። ካርቶኑ ላይ "ኢኮ" ወይም "ባዮ" ስላለ ብቻ አትቀበሉ፣ በምን እንደሚሟሟ፣ በስንት ጊዜ፣ በዝናብ ነው ወይስ በአፈር ሙቀት ብላችሁ ሻጩን ጠይቁ፣ ከዛ ጥቂት የተተኮሱ ዋዶችን ከሜዳው ለቅማችሁ ለመሬቱ ባለቤት አሳዩት፣ እጁ ላይ ይዞ ካየው በኋላ ነው ውሉ መቀየር ያለበት። ክለቡ በጅምላ ገዝቶ ለአባላት ቢሸጥ የዋጋውም የዋዱም ጣጣ አብሮ ያልቃል። እንደ እኔ ከሁሉም የሚያዋጣው ይሄ ነው።

ጥይት በቤታቸው የሚሞሉ አባላት ካሏችሁ አንድ ነገር በጥብቅ ንገሯቸው፦ በእርሳስ ልክ በተሰራ ሬሲፒ ስቲል አይሞላም። ባሩዱ ሌላ፣ ዋዱ ሌላ ነው፣ ስቲል ሲገፋ እንደ እርሳስ አይጨመቅም፣ ግፊቱ ጠመንጃ ያፈነዳል።

4. ወረቀት ላይ ተኩሱ

ስቲል ከአፈሙዝ ሲወጣ ክብነቱን ስለማያጣ ፍሬዎቹ ተሰብስበው ይሄዳሉ፣ ስለዚ ቾኩን አንድ ወይም ሁለት ደረጃ ክፈቱ፣ ፉል የነበረ ግማሽ፣ ግማሽ የነበረ ሩብ። ከግማሽ የጠበበ አያስፈልጋችሁም።

ይሄን በወሬ አትመኑት፣ 1 ሜትር ከ20 የሚሆን ወረቀት ፍሬም ላይ ወጥሩና በምትተኩሱበት ርቀት፣ 25 ወይም 30 ሜትር ላይ፣ መሃሉን ተኩሱ። ፍሬው በብዛት ያረፈበትን ቦታ መሃል አድርጋችሁ 76 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ስሩ። ከዛ ከካርቶን ክሌይ የሚያክል 11 ሳንቲ ክብ ቆርጣችሁ ወረቀቱ ላይ አንሸራቱት፣ ምንም ቀዳዳ ሳይነካ የሚያልፍበት ቦታ ካገኘ ያ ክሌይ የሚያመልጥበት ቦታ ነው። መሃሉ ላይ ቀዳዳዎቹ ተደራርበው ወረቀቱ ከተቦጫጨቀና ዳሩ ባዶ ከሆነ ቾኩ ጠባብ ነው፣ ክፈቱት። በአንድ ቾክ አንድ ወረቀት አይበቃም፣ ቢያንስ ሶስት።

ብዙ ክለብ ቀለም የተቀባ የብረት ሰሌዳ አለው ለዚህ ስራ። በስቲል ጥይት የብረት ሰሌዳ ፈጽሞ አይተኮስም፣ ፍሬው ተመልሶ ፊታችሁ ላይ ይመጣል። ሽግግሩ ሳይጀመር ሰሌዳውን ንቀሉና ከሜዳው አውጡት፣ "አትተኩሱ" ብሎ መለጠፍ አይበቃም።

5. ከስኪት ጀምሩ

ሜዳውን በሙሉ በአንድ ቀን አትቀይሩ። ስኪት ርቀቱ 20 ሜትር ገደማ ስለሆነ በእርሳስና በስቲል መሃል ልዩነት የለም ማለት ይቻላል፣ ሰው ስቲል ያለምዳል፣ ይተማመናል። ቀጥሎ ትራፕ፣ መጨረሻ ስፖርቲንግ፣ ምክንያቱም ስፖርቲንግ ላይ ነው 45 እና 50 ሜትር የሚሻገሩ ክሌዮች ያሉት፣ ስቲል ደግሞ የሚደክመው እዛ ነው። ኮርሱን የሚያዘጋጀው ሰው እነዛን ክሌዮች ወደ 35 ሜትር ያምጣቸው፣ ከባድ ማድረግ ከፈለገ በአንግልና በፍጥነት ያክብዳቸው።

የማያምን አባል ካለ፣ እርሳሱ ገና ሳይከለከል፣ ስኪት ላይ ሌላ ሰው እያጎረሰለት 25 ይተኩስ፣ የቱ እርሳስ የቱ ስቲል እንደሆነ ሳይነገረው። ከዛ ውጤቱን አብራችሁ እዩ። ከኔ ንግግር ይልቅ ይሄ ያሳምነዋል።

ተኳሾቹ በአተኳኮስ ምንም መቀየር የለባቸውም። እስከ 30 ሜትር ፍሬው ክሌዩ ጋ የሚደርስበት ጊዜ ልዩነቱ በጣም ትንሽ ነው፣ ከክሌዩ ፊት የምትሰጡትን ክፍተት ሆን ብላችሁ ከቀየራችሁ ነው የምትስቱት።

6. መነጽርና ቁጥጥር

መነጽር ለሁሉም፣ ለተኳሹ ብቻ ሳይሆን ቆሞ ለሚያየውም፣ ነጥብ ለሚይዘውም፣ ክሌይ ለሚጭነውም፣ ከመኪና ማቆሚያው አልፎ ለሚገባ ሰው ሁሉ። በር ላይ ትርፍ መነጽር አስቀምጡ፣ ረሳሁ የሚል እንዳይኖር። እዚህ ላይ መለሳለስ የለም።

ለቁጥጥር ትንሽ ጠንካራ ማግኔት በክር አስራችሁ ያዙ። ጥይቱን ከተዘጋው ጫፍ፣ ፍሬው ካለበት በኩል አስጠጉት፣ ከሳበው ስቲል ነው። ከናሱ በኩል አትሞክሩ፣ ብዙ ጥይት መቀመጫው ናስ የተቀባ ብረት ስለሆነ የእርሳሱንም ጥይት ይስበዋል። ቢዝመዝ ማግኔት አይስብም፣ ስለዚ ካልሳበ ካርቶኑን ጠይቁ እንጂ ሰውየውን ወዲያው አታሳፍሩት።

ስቲል ጥይት ደረቅ ቦታ ይቀመጥ፣ ፍሬው ይዝጋል፣ ከዛገ ይጣበቃል፣ ውሃ የሚያሟሟው ዋድም እርጥበት አይወድም። መኪና ውስጥ አትተዉት።

7. የቀረው እርሳስ

አባላት ቤት ያለው እርሳስ ጥይት ቀኑ ሳይደርስ ይተኮስ ወይም ለተመዘገበ ሻጭ ይመለስ፣ ቆሻሻ ውስጥ አይጣልም፣ አይቀበርም።

መሬቱ ውስጥ ያለው ደግሞ ስቲል ስለጀመራችሁ አይጠፋም። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ተቋም ኢ ፒ ኤ ለክለቦች ባወጣው መመሪያ የአፈሩ ፒ ኤች ከ6.5 እስከ 8.5 እንዲሆን ይመክራል፣ አሲድ የበዛበት አፈር እርሳሱን እያሟሟ ወደ ውሃ ይልከዋል። አፈሩን አስመርምሩ፣ አሲድ ከሆነ ኖራ ይረጭበት፣ ዝናብ የሚወርድባቸውን ቦዮች ሳር አልብሷቸው፣ የጥይት መውደቂያውን በማረሻ አትረሱት፣ ለከብት ሳርም አታሳጭዱት።

እርሳስ ሰብስቦ የሚገዛ ድርጅት ማምጣት ካሰባችሁ ደግሞ ስቲል በብዛት ሳይወድቅበት በፊት አምጡት። ስቲሉ በማግኔት ይለያል፣ ግን ስራው ይረዝማል፣ የሚከፍሏችሁም ይቀንሳል፣ አንዳንዴም እናንተ ትከፍላላችሁ። ዋጋ ሲሰጧችሁ የክሌይ ስብርባሪውን ማን እንደሚያነሳ በጽሁፍ ይግባ፣ የድሮዎቹ ክሌዮች በፒች (ሬንጅ መሰል ነገር) የተሰሩ ስለሆኑ እነሱም አፈሩን ይበክላሉ፣ ካልተጻፈ ግን ለይተው ክምር አድርገው ትተውላችሁ ይሄዳሉ።